ዶይች፣ ዳች፣ ጀርመን፦ የአንድ ስደተኛ ቂጣ ታሪክ

በአሜሪካ ከተሞች ምግብ ቤቶች ውስጥ «ዳች ቤቢ» የሚባል ምግብ ይቀርባል። ስሙ ቃል በቃል ሲተረጐም «የሆላንድ ሕፃን» ማለት ነው። ምግቡ ግን ከሆላንድ አልመጣም። ፉርኖ ዱቄት፣ እንቁላልና ወተት አንድ ላይ ተመትቶ ቅቤ በቀለጠበት የጋለ የብረት መጥበሻ ላይ ይፈስሳል፤ መጥበሻውም እንዳለ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሲወጣ ጠርዙ ከመጥበሻው አፍ በላይ ተነሥቶ፣ መካከሉ ጐድጐድ ብሎ፣ መልኩ ወርቅ መስሎ ይታያል። ስኳር ይነሰነስበትና ሎሚ ተጨምቆበት በትኩሱ ይበላል። በሌላ ስሙ «የጀርመን ፓንኬክ» ይባላል፤ ለትውልዱ የሚቀርበውም ይህ ሁለተኛው ስም ነው።

የጀርመን የሆነው ምግብ ስለምን የሆላንድ ተባለ? ጥያቄው የጓዳ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን መልሱን ለማግኘት የአንድን ሕዝብ ስደት፣ የአንድን ቋንቋ መከልከልና የአንድን አስተማሪ ክስ መከተል ያስፈልጋል። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ ከምጣድ ተነሥተን ፍርድ ቤት ብንደርስ አይድነቃችሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩

ዱቄትን በእንቁላልና በወተት በጥብጦ በጋለ ብረት ላይ ማብሰል የአንድ ሕዝብ ብቻ ጥበብ አይደለም። ስንዴ የሚያመርት፣ ዶሮና ላም ያለው ገበሬ ሁሉ ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው። እንግሊዞች በ1737 በታተመ አንድ የቤት አያያዝ መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ የመሰለ ቀጭን ሊጥ እናገኝባቸዋለን። ሥጋው እሳት ፊት ተሰቅሎ ሲጠበስ ከሥሩ መጥበሻ ይቀመጥና የሚንጠባጠበው ስብ ሊጡን ያበስለዋል። ሐና ግላስ የተባለችው ጸሐፊ ደግሞ በ1747 ባሳተመችው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይህንኑ ምግብ «የዮርክሽር ፑዲንግ» ብላ ጠራችው፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ስም ይታወቃል። ፊንላንዶች «ፓኑካኩ»፣ ስዊድኖችም «ኡግንስፓንካካ» የሚሉት በምድጃ የሚጋገር ተመሳሳይ ቂጣ አላቸው።

ጀርመኖች የእነርሱን «ፕፋንኩኽን» ይሉታል። «ፕፋኔ» መጥበሻ፣ «ኩኽን» ደግሞ ኬክ ነውና «የመጥበሻ ኬክ» እንደማለት ነው። ነገር ግን በርሊን ሄዶ «ፕፋንኩኽን» ስጡኝ ያለ ሰው የሚቀርብለት በዘይት የተጠበሰና ውስጡ ማርማላታ ያለው ድቡልቡል ብስኩት ነው። በዚያ ከተማ የእኛው ቂጣ ስሙ «አይርኩኽን»፣ ማለትም «የእንቁላል ኬክ» ነው። ስም ገና ከአገሩ ሳይወጣ፣ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ሲሻገር እንኳ ሌላ ዕቃ ተሸክሞ እንደሚገኝ ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ዓይነቱ ምግብ በምዕራብ አውሮፓ ከጾም መያዣ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን በብዙ አገር የጾሙ ሕግ ሥጋን ብቻ ሳይሆን እንቁላልን፣ ወተትንና ቅቤንም ይከለክል ነበር። ስለዚህ ጾሙ ከሚገባበት ረቡዕ በፊት ባለው ማክሰኞ በየጓዳው የተረፈው እንቁላልና ስብ ሁሉ በዱቄት ተለውሶ ያልቅ ነበር። እንግሊዞች ቀኑን እስከ ዛሬ «የፓንኬክ ቀን» ይሉታል፤ ጀርመኖችም በ«ፋስትናኽት» ብስኩታቸውን ይጠብሳሉ። ቅበላን ለሚያውቅ ሰው ነገሩን ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

፪

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ጀርመኖች ራሳቸውን «ዶይች» ብለው ይጠራሉ። የቃሉ ጥንተ ትርጉም «የሕዝብ» ማለት ነው። የቤተ ክህነቱና የጽሕፈቱ ቋንቋ ላቲን በነበረበት ዘመን፣ ተራው ሕዝብ በቤቱና በገበያው የሚናገረውን ልሳን ከላቲን ለመለየት የወጣ ስም ነበር። ግእዝ በመጽሐፍ፣ አማርኛ በአፍ የነበረበትን ዘመን ለምናስታውስ ለእኛ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ጎረቤቶቻቸው ግን እንደዚያ አልጠሯቸውም። ፈረንሳዮች በወሰናቸው አጠገብ ከነበረው ከአንዱ ነገድ ስም ተነሥተው «አልማን» አሏቸው። ሩሲያውያን «ኔሜትስ» ይሏቸዋል፤ ይህም «ዲዳ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ቋንቋውን የማይሰሙትን ሰው ዲዳ ማለት የቆየ የሰው ልጅ ልማድ ነው። ሰውዬው በቤቱ ተናጋሪ፣ ተረት አዋቂና አስታራቂ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፤ ድንበር ሲሻገር ግን ዲዳ ይሆናል። እኛ «ጀርመን» የምንለው ከላቲኑ «ጀርማኒያ» የተወረሰ ነው።

እንግሊዞች ደግሞ በቀድሞ ዘመን ከባሕር ማዶ ያሉትን ጀርመኖችንም ሆላንዶችንም በአንድነት «ዳች» ይሏቸው ነበር። «ዳች» እና «ዶይች» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ኔዘርላንድ በ1648 ነፃነቷ በውል ከታወቀ በኋላ ቃሉ እያደር ለሆላንዶች ብቻ ተወሰነ። በአሜሪካ ግን የቀድሞው ልማድ ቆየ። በ1683 ከክሬፌልድ ከተማ የተነሡ 13 ቤተሰቦች በፔንሲልቬንያ «ጀርመንታውን» የሚባለውን ሰፈር ቆረቆሩ። መሪያቸው ፍራንሲስ ዳንኤል ፓስቶሪዩስ የሕግ ሰው ነበር፤ በኋላም አስተማሪ ሆነ። በ1688 ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በመሆን በእንግሊዝ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን በመቃወም በጽሑፍ የቀረበውን የመጀመሪያ አቤቱታ ፈርሟል። የእነዚህና ከእነርሱ በኋላ የመጡት ጀርመናውያን ዘሮች ዛሬም «የፔንሲልቬንያ ዳች» ይባላሉ። እንግዲህ የቂጣው ስም ከመለወጡ ከ200 ዓመት በፊት የሰዎቹ ስም ተለውጦ ነበር ማለት ነው።

፫

የጀርመን ፓንኬክ ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል፤ ወፍራም የብረት መጥበሻና በቤት ውስጥ ያለ ምድጃ። ሁለቱም ለተራ ቤተሰብ የደረሱት ዘግይተው ነው።

ከብረት መጥበሻ እንጀምር። አብርሃም ዳርቢ የተባለ እንግሊዛዊ በ1704 ሆላንድ ሄዶ የነሐስ አፈሳስ ሥራ አየ። ከተመለሰ በኋላ የቀለጠ ብረት በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ እያፈሰሰ ድስት መሥራት የሚቻልበትን ዘዴ አገኘ፤ በ1707ም የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ከዚያ በፊት የነሐስ ድስት ውድ ስለነበረ በደኻ ቤት ብርቅ ነበር። በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ዕቃዎች አንዱ በእንግሊዝኛ «የሆላንድ ምድጃ» የሚባለው ነው። በአሜሪካ የገጠር ቤቶች የታወቀው ዓይነት ሦስት እግር ያለው ከባድ ድስት ሲሆን፣ ክዳኑ ፍም እንዲጫንበት ጠርዝ አለው። ከሥር ፍም፣ ከላይ ፍም ይደረግበታል። ድፎ ዳቦ በላይና በታች እሳት ሲበስል ያየ ሰው አሠራሩን ሳይነገረው ያውቀዋል።

የምድጃው ታሪክ ደግሞ ከአንድ ስደተኛ አስተማሪ ጋር የተያያዘ ነው። ቤንጃሚን ቶምሰን በ1753 በማሳቹሴትስ ተወለደ፤ በወጣትነቱም በኒው ሃምፕሽር ኮንኮርድ በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። አሜሪካውያን በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ሲነሡ እርሱ ከንጉሡ ጋር ወገነ፤ በስለላም አገለገለ፤ አገሩንም ለቆ ወጣ። በመጨረሻም በባቫሪያ፣ በሙኒክ ከተማ፣ የመስፍኑ ባለሟል ሆነ። ማዕረግ ሲሰጠው ያስተማረባትን የኮንኮርድን የቀድሞ ስም መርጦ «ካውንት ራምፎርድ» ተባለ። አገሩን የካደ የሚባለው ሰው የአገሩን የትንሽ ከተማ ስም ማዕረግ አድርጎ ወሰደ።

ራምፎርድ በ1790 በሙኒክ ለማኞችን ሰብስቦ የሚያሠራና የሚቀልብ ቤት ከፈተ። ከገብስ፣ ከአተርና በኋላም ከድንች የሚሠራው ሾርባ በስሙ ይጠራል። በመቶ የሚቆጠር ሰው መመገብ ሲጀምር እሳት ምን ያህል በከንቱ እንደሚባክን ተመለከተ። በክፍት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት አብዛኛውን ሙቀት ለጣሪያውና ለጢሱ ይሰጣል። ስለዚህ እሳቱን በጡብ ከልሎ፣ ለእያንዳንዱ ድስት የራሱን ቀዳዳ አበጅቶ፣ የጋለውን አየር ተቆጣጥሮ የሚያበስል ምድጃ ነደፈ። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ይህ ሐሳብ በብረት ምድጃ መልክ ወደ ተራው ቤት ገባ። በ1834 ፋይሎ ስቱዋርት የተባለ ሰው የባለቤትነት መብት ያወጣበት «ኦበርሊን ምድጃ» ከታወቁት አንዱ ነው። የቤት እመቤቲቱ የመንደሩ ፉርኖ እስኪነድ ሳትጠብቅ በወጥ ቤቷ መጋገር ቻለች።

ልብ በሉ፤ ከአሜሪካ የተሰደደው ሰው በጀርመን ምድጃ ሲያሻሽል፣ ከጀርመን የተሰደዱት ደግሞ ቂጣቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ይሻገሩ ነበር።

፬

በመጋቢት 1848 በጀርመን ግዛቶች ሕዝባዊ አብዮት ፈነዳ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በፍራንክፈርት ከተማ በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሕዝብ ሸንጎ ተሰበሰበ። ሕገ መንግሥት፣ የፕሬስ ነፃነትና አንድ አገር ተጠየቀ። በ1849 ዓ.ም. ግን የመሳፍንቱ ጦር አሸነፈ፤ የራሽታት ምሽግ በሐምሌ ወር እጁን ሰጠ። በምሽጉ ከነበሩት አንዱ ካርል ሹርትስ የተባለ የ20 ዓመት ተማሪ ነበር። በከተማዪቱ የቆሻሻ ውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ሾልኮ አመለጠ። በ1850 በስውር ተመልሶ የቦን ዩኒቨርሲቲ አስተማሪው የነበረውን ጎትፍሪድ ኪንክልን ከሽፓንዳው እስር ቤት አስመለጠው። ተማሪ ስለ መምህሩ ሲል ወደ አመለጠበት አገር ተመልሶ መግባቱ እኛን በመምህርነት ሙያ ያለነውን ሳይነካን የሚያልፍ ታሪክ አይደለም።

ሹርትስ በ1852 ከባለቤቱ ከማርጋሬተ ጋር አሜሪካ ገባ። በኋላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጄኔራል፣ ከዚያም የሚዙሪ ሴናተር፣ ከ1877 እስከ 1881 ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ለእኛ ግን የማርጋሬተ ሥራ ይበልጥብናል። የሃምቡርግ ተወላጅ የሆነችው ይህች ሴት የፍሪድሪክ ፍሮበልን የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ተምራ ነበር። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 መዋዕለ ሕፃናትን «አደገኛ» ብሎ ዘጋ፤ ፍሮበልም በማግሥቱ ዓመት ሞተ፤ እገዳው የተነሣው በ1860 ነው። በዚህ መካከል፣ በ1856፣ ማርጋሬተ ሹርትስ በዊስኮንሲን ግዛት ዋተርታውን በምትባል ከተማ የራሷን ልጅና ጥቂት የዘመድ ልጆችን ሰብስባ በጀርመንኛ ማስተማር ጀመረች። በአሜሪካ የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት ይኸው ነው። በአገሩ የታገደው ትምህርት ቤት በስደት አገር፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በእናት ቋንቋ ተከፈተ።

ከአብዮተኞቹ በኋላ የመጣው ሕዝብ ግን አብዛኛው ገበሬ፣ አናጢ፣ ዳቦ ጋጋሪና የቤት ሠራተኛ ነበር። በ1882 ብቻ ወደ 250,000 የሚጠጉ ጀርመናውያን አሜሪካ ገቡ። ሚልዋኪን የመሰሉ ከተሞች የጀርመንኛ ጋዜጣ፣ ቲያትር፣ ትምህርት ቤትና ዳቦ ቤት ሞላባቸው። ሄንሪየተ ዳቪዲስ የምትባል የቄስ ልጅና የልጃገረዶች አስተማሪ በ1845 በጀርመን ያሳተመችው «ተግባራዊ የምግብ አሠራር መጽሐፍ» በ1879 በሚልዋኪ «በአሜሪካ ለሚኖሩ ጀርመናውያን» ተብሎ እንደገና ታተመ። እንግዲህ የስደተኛው ጓዳ የራሱ መጽሐፍ ነበረው፤ ስሙም፣ መስፈሪያውም በራሱ ቋንቋ ተጽፎ ነበር።

፭

ይህ ሁሉ ለምን አልቆየም? አሜሪካ በሚያዝያ 1917 በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ በአገሯ ያሉ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን መታየት ጀመሩ። የጎመን ምግባቸው «ሳወርክራውት» ስሙ ተለውጦ «የነፃነት ጎመን» ተባለ። ይህ የሚያስቅ ነው። የሚከተለው ግን አያስቅም። በግንቦት 1918 የአዮዋ ግዛት ገዢ ዊልያም ሃርዲንግ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በባቡርና በስልክ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ መናገርን የሚከለክል አዋጅ አወጣ። ከዚያ አንድ ወር አስቀድሞ በኢሊኖይ ግዛት ኮሊንስቪል በምትባል ከተማ ሮበርት ፕራገር የተባለ ጀርመን ተወላጅ በሕዝብ መንጋ ተይዞ ተሰቀለ። የተከሰሱት 11 ሰዎች በነፃ ተለቀቁ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላም በ1919 የነብራስካ ግዛት አንድ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት በማናቸውም ትምህርት ቤት፣ የግልም ይሁን የቤተ ክርስቲያን፣ በውጭ ቋንቋ ማስተማር ተከለከለ፤ ልጁ 8ኛ ክፍልን ሳይጨርስ የውጭ ቋንቋ መማርም አይችልም። በሃምፕተን መንደር በአንድ የሉተራን ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ሮበርት ሜየር በግንቦት 25 ቀን 1920 አንድን የ10 ዓመት ልጅ በጀርመንኛ ማንበብ ሲያስተምር ተገኘ ተብሎ ተከሰሰ። መጽሐፉ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ስብስብ ነበር። 25 ዶላር ተቀጣ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1922 ፍርዱን አጸናው።

ሜየር ገንዘቡን ከፍሎ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ጉዳዩ ወደ ዋሺንግተን ሄደ። በሰኔ 4 ቀን 1923 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ድምፅ ለ2 የነብራስካን ሕግ ሻረ። አስተማሪው የማስተማር፣ ወላጅም ለልጁ አስተማሪ የመቅጠር መብቱ በሕገ መንግሥቱ ከተጠበቀው ነፃነት ውስጥ እንደሚገባ ተፈረደ። ፍርዱ እስከ ዛሬ ድረስ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል።

ነገር ግን ፍርዱ ሲመጣ ብዙው ነገር አልፎ ነበር። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ብዙ የጀርመንኛ ጋዜጦች ተዘግተዋል፤ ትምህርት ቤቶች ወደ እንግሊዝኛ ዞረዋል፤ ወላጆች በፍርሃት ከልጆቻቸው ጋር በጀርመንኛ መነጋገር ትተዋል። ሕግ ሲሻር በደሉ ሁሉ አብሮ አይሻርም። ዛሬ የጀርመን ዘር አለኝ የሚለው አሜሪካዊ ከ40 ሚሊዮን በላይ ነው፤ በቤቱ ጀርመንኛ የሚናገረው ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

፮

ቂጣው ግን ቀረ። በምዕራብ ጠረፍ፣ በሲያትል ከተማ፣ የቪክቶር ማንካ ቤተሰብ ያስተዳድረው የነበረ «ማንካስ ካፌ» የሚባል ምግብ ቤት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርታት ይህንኑ የጀርመን ፓንኬክ በትናንሽ መጥበሻ እየጋገረ ለእያንዳንዱ ተመጋቢ ሦስት ሦስት ያቀርብ ነበር። «ዳች ቤቢ» የሚለውን ስም ያወጣችው ከማንካ ሴቶች ልጆች አንዷ ናት ይባላል፤ «ዶይች» የሚለውን «ዳች» ብላ፣ የቂጣውን ትንሽነት አይታ «ሕፃን» ጨመረችበት። በ1942 ምግብ ቤቱ ስሙ የንግድ ምልክቴ ነው ብሎ አስታወቀ። የሕዝብ ስም የነበረው ቃል የአንድ ቤት ንብረት ሆነ።

በ1966 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የምግብ ጉዳይ አዘጋጅ ክሬግ ክሌይቦርን ሆኖሉሉ ከተማ በእንግድነት ሄዶ ይህንኑ ቂጣ በአስተናጋጁ በዴቪድ ኤይር ቤት በላ። አሠራሩንም «የዴቪድ ኤይር ፓንኬክ» ብሎ በጋዜጣው አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ እየተደጋገመ ታትሟል። አሁን ስሙ የአስተናጋጅ ስም ሆነ። አስተውሉ፤ ዱቄቱ፣ እንቁላሉና ወተቱ አልተለወጠም። ስሙ ግን ከፕፋንኩኽን ወደ ዳች ቤቢ፣ ከዳች ቤቢ ወደ ዴቪድ ኤይር ተሻገረ።

የሚበላበትም ሰዓት ተለወጠ። ዛሬ ይህ ምግብ በአሜሪካ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ እሑድ ረፋድ ላይ፣ «ብራንች» በሚባለው የቁርስና የምሳ ድብልቅ ማዕድ ነው። ቃሉን በ1895 በእንግሊዝ «ሃንተርስ ዊክሊ» በሚባል መጽሔት ላይ ለሕትመት ያበቃው ጋይ ቤሪንገር ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከባድ ምሳ ከመብላት፣ ረፈድ አድርጎ ሻይን በመሰለ የቁርስ ነገር በሚጀምር ማዕድ መገናኘት ይሻላል፤ ቅዳሜ ማታ ያመሸውም ሰው ይተኛበታል ሲል ተከራከረ። ከቅዳሴ መልስ ረፋድ ላይ በአንድ ገበታ መገናኘት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስም አላወጣንለትም እንጂ።

፯

አሠራሩ ቀላል ነው። 3 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ወተት፣ ግማሽ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው አንድ ላይ እብጠት እስኪጠፋ ድረስ ይመታል። ሊጡ ቀጭን መሆን አለበት፤ የዱቄት ወተት ተበጥብጦም ያገለግላል። ሊጡ ጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ ዱቄቱ ውኃውን ይጠጣል። ምድጃው 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ መጥበሻው ውስጡ ሆኖ ይግላል። ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ይቀልጥበታል፤ ቅቤው ሳያርር ሊጡ ይፈስስና ወዲያው ወደ ምድጃው ይመለሳል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሩ አይከፈትም።

እርሾም ሆነ ቤኪንግ ፓውደር ሳይገባበት ስለምን ይነሣል? ለተማሪዎቻችን ጥሩ የሳይንስ ጥያቄ ነው። የሚያነሣው እንፋሎት ነው። ውኃ ሲፈላ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሆናል። ሊጡ ከጋለው ብረት ጋር ሲገናኝ ዳርና ዳሩ ቀድሞ ይረጋል፤ በውስጡ ያለው የወተቱና የእንቁላሉ ውኃ እንፋሎት ሆኖ ወደ ላይ ይገፋል። የእንቁላሉ ፕሮቲን ደግሞ በሙቀቱ እየረጋ ግድግዳ ይሆንለታል። ብረቱ ሳይግል ሊጥ የፈሰሰ እንደሆነ ዳሩ ዘግይቶ ስለሚረጋ ቂጣው ጠፍጣፋ ይቀራል። በሩ ቶሎ የተከፈተ እንደሆነም ግድግዳው ሳይጠና እንፋሎቱ በርዶ ይወድቃል። ከወጣ በኋላ መካከሉ ዝቅ ማለቱ ግን ያለ ነው፤ ጥፋት አይደለም።

ምድጃ በሌለበት እንዲህ ይደረጋል። ከባድ፣ ክዳኑ የሚገጥም የብረት ድስት በፍም ላይ ይጋላል፤ ክዳኑም ለብቻው ይጋላል። ቅቤው ከቀለጠ በኋላ ሊጡ ይፈስሳል፤ ክዳኑ ተገጥሞ ከሥር ካለው የሚበልጥ ፍም ከላይ ይጫናል። እሳቱ ከላይ መብዛት አለበት፤ ከሥር የበዛ እንደሆነ ሳይነሣ ያርራል። 15 ደቂቃ ሳይሞላ ክዳኑን መግለጥ አይገባም። እንቁላል ውድ በሆነበት ሰፈር ይህን በየሳምንቱ አድርጉ አንልም። ዓመት በዓል ሲመጣ ሦስት እንቁላል ለአራት ልጆች የሚበቃ ማዕድ መሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

፰

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምንድን ነው? አንዳንዶች «ምግቡ ካለ ምን ጎደለ? ስም ምን ያደርጋል?» ሊሉ ይችላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የጀርመን ስደተኞች የልጅ ልጆች አልተራቡም፤ የቂጣው ጣዕም ከአያቶቻቸው ቂጣ ጣዕም አላነሰም፤ ሌላውም ሕዝብ ተካፍሎታል። ምግብ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ደስ ሊለን ይገባል እንጂ ልናዝን አይገባም።

ይሁንና ሦስቱን ነገሮች ለይተን እንያቸው። የእጅ ሙያው ያለ ትምህርት ቤት አራት ትውልድ ተሻገረ፤ ልጅ እናቱን እያየ ይማረዋልና። ስሙ አንድ ልጅ ጆሮ ላይ ሲደርስ ተለወጠ። ቋንቋው ግን የሚያስተምረው ሰው ሲከሰስና የሚያነበው ልጅ ሲፈራ በአንድ ትውልድ ውስጥ ደከመ። እጅ የሚይዘውን ያህል አፍ አይይዝም። ስለዚህ ጥበቃ የሚያስፈልገው በራሱ የሚተላለፈው ሳይሆን አስተማሪ ካላገኘ የማይተላለፈው ነው። ማርጋሬተ ሹርትስ ጥቂት ልጆችን በቤቷ ስትሰበስብ፣ ሮበርት ሜየርም የ10 ዓመቱን ልጅ ሲያስነብብ የተረዱት ይህንን ይመስለናል። ሁለቱም እንግሊዝኛን አልጠሉም፤ ልጁ ሁለተኛ ቋንቋ ሲጨምር የመጀመሪያውን እንዳይጥል ፈለጉ እንጂ።

በእኛም መጠለያ የተወለዱ ልጆች አሉ። ምጣዱን ያውቁታል፤ በየቀኑ ያዩታልና። አክምባሎን፣ ማሰሻን፣ አብሲትን፣ እርሾን በስማቸው የሚጠሩ ስንቶቹ እንደሆኑ እያንዳንዳችሁ በየቤታችሁ ጠይቁ። ከዚያም እናቶችና አባቶች አንድ አንድ ምግብ መርጣችሁ፣ ዕቃውን በስሙ፣ ሥራውን በቅደም ተከተሉ፣ ለልጅ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ንገሩን። መጻፍ የማይችል ይንገር፤ የሚችል ልጅ ይጻፍለት። ወረቀት ካነሰ በሁለቱም ገጽ እንጽፋለን።